«አልወደውም እኮ» — ሱስ በአንጎላችን ውስጥ ምን ይሠራል?

ከፋሲካ በዓል በኋላ በነበረው ሳምንት በአጋሚም ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ ቢሯችን መጡ። ከተቀመጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን ፈተው ጠረጴዛችን ላይ አኖሩት። ባለ ቀለም ትንሽ ከረጢት ነበረች፤ በውስጧ የደረቀ ሣር የመሰለ ነገር አለ። የ22 ዓመት ልጃቸው ፍራሽ ሥር ያገኙት ነው። «ልጆቼ፣ እናንተ ተምራችኋል። ይህ ነገር ምን ያህል ቢጣፍጥ ነው እናቱን ያስረሳው? እስቲ ንገሩኝ» አሉን።

በማግስቱ ልጁን አገኘነው። የእናቱን ጥያቄ ብንጠይቀው ፈገግ ብሎ «ማን ይጣፍጣል አለ? አልወደውም እኮ። መውደዱን ከተውኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው» ሲል መለሰልን። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ «ውሸቱን ነው፤ የማይወደውን ነገር በእናቱ ገንዘብ የሚገዛ ማን አለ?» ብለው ተቆጡ።

እኛ ግን ልጁ እውነቱን እንደተናገረ እናምናለን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነውም የእኚህ እናት ጥያቄ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ስለሆነ፣ የልጃቸው መልስ ደግሞ የሳይንስ ሊቃውንት ብዙ ዓመት ደክመው የደረሱበት መልስ ስለሆነ ነው። (ባለታሪኮቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይረናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በ1954 በካናዳ፣ ሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው ማጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ተክለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቁ ነበር። አይጧ ይህን ኃይል ያገኘችበትን ቦታ ደጋግማ ስትፈልግ አዩ። ከዚያ ራሷ እንድትጫነው መጫኛ ሠሩላት። አይጦቹ ያንን መጫኛ በሰዓት በመቶዎች፣ አንዳንዶቹም በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይጫኑ ጀመር። ሲርባቸው ምግቡን፣ ሲጠማቸው ውኃውን ትተው ይጫናሉ። በአንጎል ውስጥ «ይህን ድገመው» የሚል አንድ ሥርዓት እንዳለ በዚያ ታወቀ። በኮሌጅ ይህን ስንማር ከመካከላችን አንዷ ተማሪ «እኔ ይችን አይጥ ሰፈራችን ውስጥ አውቃታለሁ» ብላ ክፍሉን አስቃ ነበር። ዛሬ ስናስታውሰው ያን ያህል አያስቅም።

ይህ ሥርዓት በክፉ የተፈጠረ አይደለም። ሰው ባይርበው አይበላም፣ ባይናፍቅ አይጋባም፣ የልጁ ፊት ባያስደስተው ሌሊት ተነሥቶ አያጠባም። ሥርዓቱ የሚሠራው ዶፓሚን በተባለ ንጥረ ነገር ነው። በሰው አንጎል ውስጥ ከሚገኙት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት መካከል በመካከለኛው አንጎል ሆነው ዶፓሚን የሚያመነጩት ከአንድ ሚሊዮን አይበልጡም። ሆኖም የነዚህ የጥቂቶቹ ቃል በብዙው አንጎል ይሰማል፤ በተለይም ከግንባራችን ጀርባ ባለው፣ ሰው ነገን በሚያስብበትና ራሱን በሚገታበት ክፍል።

ዶፓሚንን «የደስታ ቅመም» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ሊቅ በዝንጀሮዎች ላይ ያዩትን እንንገራችሁ። ለዝንጀሮው ጭማቂ ሲሰጡት የዶፓሚን ሕዋሳቱ ጮኹ። ቀጥሎ መብራት አብርተው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጭማቂውን ይሰጡት ጀመር። ዝንጀሮው ሲለምደው ሕዋሳቱ የሚጮኹት ጭማቂው ሲመጣ መሆኑ ቀረና መብራቱ ሲበራ ሆነ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሕዋሳቱ ከወትሮው በታች ዝም ይላሉ። ዶፓሚን ማለት እንግዲህ «ይመጣልሃል፣ ተነሥ፣ ያዘው» የሚል ቀስቃሽ ነው። በጎንደር ገጠር ከብት ሲጠብቅ ውሎ የተራበ ልጅ ማታ ከሩቅ የቤቱን ጢስ ሲያይ እግሩ ይፈጥናል። ገና እንጀራውን አልቀመሰም፤ ያነቃው ጢሱ ነው።

ሌላው ሊቅ፣ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኬንት ቤሪጅ፣ አይጦችን ዶፓሚን አሳጥተው ስኳር ቢያቀምሷቸው አይጦቹ ከንፈራቸውን እየላሱ መጣፈጡን አሳዩ። ነገር ግን ስኳሩን ፍለጋ አንድ እርምጃ አይራመዱም፤ በአፋቸው ካላደረጉላቸው በራብ ይሞታሉ። ከዚህም መውደድ ሌላ፣ መፈለግ ሌላ እንደሆነ፣ በአንጎል ውስጥም መንገዳቸው የተለያየ እንደሆነ ተረዱ። ሱስ የሚያሳብጠው መፈለጉን ነው። መውደዱ እየከሳ ሲሄድ መፈለጉ ይፋፋል። ልጁ «አልወደውም እኮ» ያለን ይህንኑ ነው።

የሚገርመው ግን ቋንቋችን ይህን ያለ ላቦራቶሪ ማወቁ ነው። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ቃላት አሏቸው። መጀመሪያ «ምርቃና» ይመጣል፤ አፍ ይፈታል፣ ሐሳብ ይሮጣል፣ ሰውየው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቤት ሠርቶ ያድራል፣ በወሬ። ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይጠጣል፤ ይህ «ጨብሲ» ነው። ሌሊት በእንቅልፉ የሚያስጨንቀው «ዱካክ» ይመጣበታል። በማግስቱ ደግሞ በቀጠሮው ሰዓት ሰውነቱ ይዝላል፣ ያዛጋል፣ በትንሹም በትልቁም ይቆጣል፤ «ሐራራ» ይሉታል። ምርቃና የዶፓሚኑ መጥለቅለቅ ነው፤ ዱካክና ሐራራ አንጎል ያንን መጥለቅለቅ ለማስተካከል በተቃራኒው ሲገፋ የሚመጡ ናቸው። ጨብሲ ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከሁሉ የከፋው ቃል ነው፤ በአንድ ሱስ የገባ ሰው ሁለት ሱስ ይዞ የሚወጣበት በር ነውና። ለመጠጥ ወደ ሕክምና የሚመጡ ሰዎችን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ከኋላው ጫት እናገኛለን።

ወላጆቻችን በገጠር ሳሉ ጫት የእነሱ ልማድ አልነበረም። ብዙዎቹ ወገኖቻችን ያወቁት በአዲስ አበባ ጉዞ ሲጠብቁ ወይም እዚህ መጥተው ነው። በእስራኤል የየመን አይሁዶች ከአገራቸው ይዘውት መጥተው በጓሮ ይተክሉታል፤ ትኩስ ቅጠሉን መቃምም በሕግ አልተከለከለም። የተከለከለው በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማ ነገር ስለሚለወጥ ነው ቃሚ ሁልጊዜ ትኩስ የሚፈልገው። ሥራው እንደ አምፌታሚን ነው፤ የዶፓሚኑን ጎተራ ከፍቶ ወደ ውጭ ያፈሰዋል።

ቅጠሉ ግን ዝግ ብሎ ነው የሚሠራ። ቃሚው ለሰዓታት ያኝካል፣ ጉንጩ ይሞላል፣ ሆዱ እምቢ ይላል። ይህ ዝግታ ራሱ ልጓም ነበር። ልጓሙ ሲወልቅ የሚሆነውን ይህች አገር አይታዋለች። በ2003 እና በ2004 በየፒጹጺያው «ሐጊጋት» የተባለ እንክብል ይሸጥ ነበር፤ በዕብራይስጥ ፌሽታ ማለት ከሆነው «ሐጊጋ» እና ጫት ከሆነው «ጋት» የተሠራ ስም ነው። በአንዱ እንክብል 200 ሚሊግራም ካቲኖን ነበረበት። በ100 ግራም ትኩስ ቅጠል ውስጥ የሚገኘው በአማካይ 36 ሚሊግራም ያህል እንደሆነ ይገመታል። እንግዲህ ያ እንክብል በአንድ ጉርሻ ከግማሽ ኪሎ በላይ ቅጠል ማለት ነው፤ ያውም ከሲጋራና ከማስቲካ አጠገብ ተደርድሮ። በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ያለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በአሥር ወር ውስጥ በዚህ የታመሙ 34 ሰዎችን መዝግቧል፤ ልባቸው ደም ያጠረው፣ አንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰም ነበሩባቸው። በ2004 ተከለከለ። ከዚያም «ናይስ ጋይ» መጣ። ሕጉ አንዱን ሲከለክል አምራቾቹ ቅመሙን ትንሽ ቀየር አድርገው ሌላ ስም እየሰጡ ስላስቸገሩ፣ በ2013 እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሁሉ ፖሊስ መንጠቅ የሚችልበት ሌላ ሕግ ወጣ።

እናቲቱ ያመጡት ከረጢት ናይስ ጋይ ነበር። ብዙ ወላጆች ሐሺሽ ይመስላቸዋል። አይደለም። ማንኛውም ደረቅ ቅጠል ላይ በፋብሪካ የተሠራ ኬሚካል ይረጩበታል። በሐሺሽ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የአንጎልን ቁልፍ በከፊል ነው የሚያዞረው፤ ይህኛው ሙሉ በሙሉ ያዞረዋል። ርጭቱ እኩል ስለማይደርስ ከአንዱ ከረጢት አንዱ ጥግ ምንም አይልም፣ ሌላው ጥግ ልጅን መሬት ላይ ይጥላል። ልጅ ሲንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ስቶ ሲወድቅ ወላጅ ከማፈር አስቀድሞ 101 ይደውል።

እዚህ ላይ ሳንጠየቅ እንመልስ። «እኛስ የቡና ሱስ የለብን?» የሚሉ አሉ፤ ይህን ስንጽፍም አጠገባችን ስኒ አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለመደ ሰው አንድ ቀን ቢቀርበት ራሱን ያመዋል። ያ የሚሆነው ካፌይን አዴኖሲን የተባለውን የድካም መልእክተኛ በር ላይ ስለሚያግደው፣ አንጎልም በሩን ስለሚያበዛ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ይለቃል። ስለ ቡና ብሎ የእናቱን የጆሮ ወርቅ የሸጠ ሰው እኛ አላየንም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። አንጎል ብልጥ ነው፤ ሁልጊዜ የሚጮኽበት ሰው ካለ ጆሮውን ይደፍናል። የአሜሪካን የዕፅ ጥናት ተቋም ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር ኖራ ቮልኮው የሱሰኞችን አንጎል ፎቶ አንሥተው ዶፓሚን የሚቀበሉት ተቀባዮች ቀንሰው አገኙ። ከዚህ በኋላ ዕፁ ራሱ ያን ያህል አይሰማም፤ ሌላው ደስታ ደግሞ ከነጭራሹ አይሰማም። እናቲቱ ካሉን ሁሉ ያልረሳነው ይህን ነው፦ «በእህቱ ሰርግ ዕለት እስክስታ እንኳ አልወረደም። ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ጠላን ማለት ነው?» አልጠላቸውም። ከበሮው የሚደርስበት ጆሮ ተደፍኖ ነው።

ይህ በወጣት ላይ ይብሳል። ከግንባር ጀርባ ያለው ልጓም የሆነው ክፍል የሚበስለው ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ነው። በ15 ዓመቱ የጀመረ ልጅ ፈረሱ ሙሉ፣ ልጓሙ ግን ገና ክር ነው።

አሁን በቤተሰቦቻችን በብዛት የምናየውን ስሕተት እንናገር። ልጁ ለሦስት ሳምንት ያህል ወደ «ጌሚላ» ይገባል፣ ሰውነቱ ይጸዳል፣ ፊቱ ወዝ ያወጣል፣ ቤተሰቡ ዳቦ ጋግሮ ይቀበለዋል። በሁለተኛው ወር እንደገና ይጀምራል። ያኔ አባት «ዕድል ሰጠነው፣ ናቀን» ብሎ በሩን ይዘጋል። አባቶቻችንን እናከብራለን፤ ነገር ግን በዚህ አንስማማም። ሦስት ሳምንት ዕፁን ከደም ነው የሚያስወጣው፤ አንጎል ውስጥ የተጻፈውን አያጠፋውም። በ2001 የእነ ዶክተር ቮልኮው ጥናት ሜታምፌታሚን የሚወስዱ የነበሩ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከ12 እስከ 17 ወር ከራቁ በኋላ የተጎዳው የዶፓሚን መመለሻ በር እጅግ አገግሞ አገኘው። ትዝታቸውና የእጅ እግር ቅልጥፍናቸው ግን ያን ያህል አልተመለሰም። እንግዲህ መዳን አለ፤ በሦስት ሳምንት ግን አይደለም።

ከዚያ ደግሞ «መብራቱ» አለ። የዝንጀሮውን መብራት አስታውሱ። ለልጁ መብራቱ የፒጹጺያው ጥግ ነው፣ የአንድ ጓደኛ ፉጨት ነው፣ ደሞዝ የሚገባበት ቀን ነው። ካየው ወይም ከሰማው ገና ሳያስብ ሕዋሳቱ ይጮኻሉ። የቬትናም ጦርነት ለዚህ ትልቅ ምስክር ሆኗል። በ1971 ከቬትናም ከተመለሱት የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ የሄሮይን ሱስ ይዞት እንደነበረ ታወቀ። መንግሥት ተሸበረ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ተከታትለው ሲያጠኑ ግን፣ ሱስ ከነበረባቸው መካከል አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ጫካው፣ ጓደኛው፣ ፍርሃቱ፣ ሻጩ ሁሉ ባሕር ማዶ ቀርቷልና።

የዚህ ልጅ ወላጆች ይህን ጥናት አላነበቡትም፤ ሆኖም በራሳቸው መንገድ ሞክረውታል። ከአሽቀሎን የድሮ ሰፈሮች ካንዱ ወደ አጋሚም የገቡት አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ሊፍት፣ ልጁን የሚያውቀው ሰው የለም። አራት ወር ደኅና ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቲቱ «በከንቱ ለፋን» ሲሉ የተቃወምናቸውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ቬትናም ሩቅ ናት፣ የድሮው ሰፈር ግን በአውቶቡስ የሚደረስ ነው። ዛሬ ደግሞ አውቶቡስም አያስፈልግ፤ ሻጩ በቴሌግራም ይጽፋል፣ ዕቃው እስከ ደጅ ይመጣል። መብራቱ ኪሱ ውስጥ ነው። ልጁ ራሱ በመጨረሻ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር የስልክ ቁጥሩን መቀየር ነበር፤ ማንም ሳይመክረው።

በኅዳር ሳይሆን በጥቅምት 7፣ 2023 ከጀመረው ጦርነት ወዲህ በከተማችን ሌላ ነገር ጨምሯል። አሽቀሎን በነዚያ ወራት የሲሬን ድምፅ ከማያባራባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። እንቅልፍ ያጡ ሰዎች፣ ሽማግሌዎችም ጭምር፣ እንደ ክሎኔክስ ያለ የማረጋጊያ ኪኒን ከሐኪም ወሰዱ፤ አንዳንዱ ከጎረቤት ተዋሰ። ይህም በዚያው በዶፓሚን መንገድ ላይ ፍሬኑን ያላላል፣ ለወራት ከተወሰደም ሱስ ይሆናል። እዚህ ላይ በጣም አደራ የምንለው ነገር አለ፦ ቤተሰብ ተቆጥቶ ኪኒኑን ሽንት ቤት ውስጥ አይድፋ። ለረጅም ጊዜ ኪኒን የለመደ ወይም በየቀኑ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ሊንዘፈዘፍና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። የቤተሰብ ሐኪም መጠኑን እየቀነሰ ያወርደዋል።

ለሄሮይንና ለመሰል ማደንዘዣዎች ሜታዶንና ቡፕሬኖርፊን የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። «ሱስን በሱስ ቀየሩት» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን እነዚህ ዝግ ብለው ስለሚሠሩ ሰውየው ሥራ ውሎ ቤቱ እንዲገባ ያስችሉታል፣ ሞትንም ይቀንሳሉ። ለጫትና ለናይስ ጋይ ግን እስካሁን እንዲህ ዓይነት የታወቀ መድኃኒት የለም። ሥራው በንግግር፣ በጊዜና በቦታ መለወጥ ነው። ለዚህም ረዘም ላሉ ወራት የሚቆዩባቸው ማኅበረሰቦች አሉ፤ በጊልቦዓ ተራራ ላይ ያለው ማልኪሹዓና በቤት ሼሜሽ አካባቢ ያለው ረቶርኖ ይጠቀሳሉ። ወደነዚህ ለመግባት መነሻው በከተማው የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ያለው የሱስ ክፍል ነው።

ሰዎች ወደኛ የማይመጡት ብዙውን ጊዜ ከሐፍረትና ከፖሊስ ፍርሃት የተነሣ ነው። «ቲክ ይከፈትበታል፣ ጦር ሠራዊት አይቀበለውም፣ ሰፈሩ ይሰማል» ይላሉ። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ እኛም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጆች ነን። ስለዚህ በግልጽ እንናገር፦ በ1996 የወጣው የማኅበራዊ ሠራተኞች ሕግ የነገራችሁንን ምስጢር እንድንጠብቅ ያስገድደናል። የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ወይም ሕፃን የሚጎዳ ከሆነ ግን ሕጉ ለሚመለከተው አካል እንድናስታውቅ ይላል። ማጨስ የጀመረ ልጅ አለኝ ብሎ የመጣን ወላጅ ለፖሊስ አሳልፈን አንሰጥም። ቄሶቻችንም ሲጠየቁ «ጸሎቱንም ሕክምናውንም» ብለው ቢመልሱ ትልቅ እርዳታ ነው፤ እንዲህ የሚሉ አሉና እናመሰግናቸዋለን።

እናቲቱ በየሁለት ሳምንቱ ይመጡ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ፈቃዱ ቢሆን ይተወው ነበር» ይሉ ነበር። ስለ ዝንጀሮውና ስለ መብራቱ በነገርናቸው ቀን ዝም ብለው አዳመጡና «እንግዲያው እኔም አበራበታለሁ ማለት ነው» አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ ስንጠይቃቸው፣ ሲቆጡት በሩን ዘግቶ እንደሚያጨስ፣ ስለዚህም የጩኸታቸው ድምፅ ራሱ ለእሱ ምልክት ሳይሆን እንዳልቀረ ነገሩን። ይህን እኛ አላሰብነውም ነበር።

ልጁ አሁን ከከተማ ውጭ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ አምስተኛ ወሩን ይዟል። አንድ ጊዜ ወጥቶ ሄዶ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ባለፈው የጉብኝት ቀን እናቱ የሰንበት ዳቦ ይዘውለት ሄዱ። በሰኞው ቢሯችን ገብተው ሳይቀመጡ ነው የነገሩን፦ ቆርሶ በላ፣ ትንሽ ቆየና ደግሞ ቆረሰ፣ «እማዬ፣ ምን ጨምረሽበት ነው?» አላቸው። «ምንም አልጨመርኩም፣ የዱሮው ነው» አሉት። «ዛሬ ጣፈጠኝ» አለ።